ሁለት ወር ስንት ቀን ነው?

እንጀራዬ ቀን መቁጠር ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የጠበቆች ቢሮ መዝገብ አደራጃለሁ፤ ፍርድ ቤት የቆረጠው ቀን ሁሉ በእጄ ያልፋል። ሁለት ሰው ያልቆጠረው ቀን ካላንደር ላይ አይገባም። እኔ ቆጥሬ አስገባለሁ፣ ባልደረባዬ ደግማ ትቆጥራለች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ሳምንት ሲቀረው አንዴ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዴ ይጮኻል። እንግዲህ በገዛ አባቱ ቤት ጉዳይ የይግባኝ ጊዜ በሁለት ቀን ያሳለፈው ይኸው ሰው ነው።

አገር ቤት የውርስ ክርክር ነበረን። በእኔ ውክልና ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ኅዳር 22 ተፈረደብን። የዚያን ዕለት ደውሎ «ጋሼ፣ አይዞህ፤ ለይግባኝ ሁለት ወር አለን» አለኝ። ኅዳር 22 በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ነበር፤ ስልኬ ላይ ፌብሩዋሪ 1 ብዬ ያዝኩት። ማመልከቻውን ቃል በቃል ካላረምኩ ብዬ እስከ መጨረሻዋ ቀን አቆየሁት። ወንድሜም «የጠበቃ ቢሮ የሚሠራው እሱ ነው፣ ያውቃል» ብሎ ዝም አለ። ጥር 24 ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሲቆም፣ ሠራተኛዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በእስክሪብቶዋ ጫፍ ከኅዳር እስከ ጥር ወርዳበት «ጥር 22 አልቋል» አለችው።

ሕጉ ሁለት ወር አይልም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 323(2) የሚለው 60 ቀን ነው። በእኛ ካላንደር ሁለት ወር በትክክል 60 ቀን ስለሆነ ወንድሜ አልተሳሳተም። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ግን ሁለቱም 31 ቀን ናቸው። ሁለቱ ቀናት የጠፉት እዚያ ላይ ነው።

ያለፈ ቀን ሁሉ የሞተ ቀን አይደለም። እዚያው ሕግ ላይ፣ ከአንቀጽ 323 ዝቅ ብሎ፣ ይግባኝ ባዩ በቂ ምክንያት ካሳየ ጊዜው ካለፈም በኋላ ይግባኙን እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድለት እንደሚችል ተጽፏል። እኛም የማስፈቀጃ ማመልከቻ ልናስገባ ሆነ። ወንድሜ መጀመሪያ የጠየቀኝ «የሐኪም ወረቀት ላፈላልግ?» ብሎ ነው። አልፈረድኩበትም። መስኮቱ አካባቢ ያገኘው ሰው ሁሉ የመከረው ይህንኑ ነው፤ «በቂ ምክንያት» ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሕመም ነው። እምቢ ብዬ እውነቱን ጻፍን፤ ቀኑ በሁለት ካላንደር መካከል ተሳሳተ ብለን።

መልሱ በሁለት መስመር መጣ፤ የቀረበው ምክንያት በቂ ሆኖ አልተገኘም፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ይኸው ነው።

ማመልከቻውን ሳዘጋጅ ያየሁት አንቀጽ 326(2) ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎች የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ አስደንግጦኛል። ጊዜው ያለፈው በጠበቃ፣ በወኪል ወይም በነገረ ፈጅ ጉድለት ከሆነ በቂ ምክንያት አይባልም ይላል። አገር ቤት ያለው ባለጉዳይ ቢያንስ መዝገብ ቤት ሄዶ በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ከባሕር ማዶ ያለነው ግን በሙሉ የምንከራከረው በሰው እግርና በሰው ዓይን ነው፤ ሕጉ ደግሞ የዚያን ሰው ጥፋት የእኛ ጥፋት ያደርገዋል። ምክንያታዊነቱ ይገባኛል፤ አለዚያ ያረፈደ ሁሉ በወኪሉ ያላክካል።

እዚህስ? «ፈረንጅ አገር ቢሆን ሁለት ቀን ምንም አልነበረም» ያለኝ ሰው አልጠፋም። ተሳስቷል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ተራ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ላይ የይግባኝ ጊዜው 30 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የሚገባው አንድ ገጽ ማስታወቂያ ብቻ ስለሆነ ማጠሩ አያስገርምም። ካለፈ በኋላም ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚጠየቀው ግን በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ሚዛኑ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 እ.ኤ.አ. ፓዮኒር በተባለው መዝገብ፣ ቸልተኝነት ይቅር የሚባለው መቼ እንደሆነ መለኪያ አስቀምጧል። ተቃራኒው ወገን ምን ተጎዳ? መዘግየቱ ምን ያህል ነው፣ ሥራውንስ ምን ያህል አወከ? ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ሰውየው ሊቆጣጠረው ይችል ነበር? ቅን ልቦና ነበረው? ደንበኛ እዚህም በጠበቃው ጥፋት ይጠየቃል፤ ግን የጠበቃው ጥፋት ራሱ ይመዘናል እንጂ በሩ ከመጀመሪያው አይዘጋም። በዚያ መዝገብ ጠበቃው ቀን አሳልፎ ይቅር ተብሏል።

የእኔን ብመዝነው በሦስቱ አልፋለሁ። በምክንያቱ ላይ የምወድቅ ይመስለኛል፤ ካላንደር መቁጠር በእጄ የነበረ ነገር ነው። ብወድቅ ግን የቱ ላይ እንደወደቅሁ ተጽፎ አነበዋለሁ። ከሁለት መስመር የምፈልገው ይህን ያህል ነው።

የዚህን አገር ምሕረትማ ቦውልስ የተባለው እስረኛ ያውቀዋል። ጥያቄውን ውድቅ ያደረገው ትእዛዝ በጊዜው ስላልደረሰው ሕጉ የይግባኝ በሩን ለ14 ቀን ይከፍትለታል። ዳኛው ግን ተሳስተው 17 ቀን ሰጡት፤ እስከ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2004። ፌብሩዋሪ 26፣ ዳኛው ከቆረጡለት አንድ ቀን ቀድሞ፣ አስገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ በሕግ አውጪው የተቆረጠን ቀን ዳኛ ሕጉ ከፈቀደው በላይ ሊያራዝመው አይችልም ብሎ ዘጋው። የዳኛን ፊርማ አምኖ መውደቅ ማለት ይህ ነው። ቢሮአችን ውስጥ ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ መጀመሪያ የምንነግረው ይህንን መዝገብ ነው፤ ዳኛ የጻፈውንም ቀን ራስህ ቁጠር እንለዋለን።

ባለፈው ሰሞን ወንድሜ ስለ አፈጻጸሙ ደወለ። «ጋሼ፣ መልስ ለመስጠት ሦስት ሳምንት አለን» አለኝ።

«ስንት ቀን?»

«ሃያ አንድ።»

«ከየትኛው ቀን ጀምረህ ቆጠርክ?»

ዝም አለ። ስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል።