«ፊልሙን አይቼዋለሁ» አትበሉኝ

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ልንጠጣ በተቀመጥን ቁጥር ያው ጭቅጭቅ ነው። «የዘ ሆቢትን ፊልም አይቼዋለሁ፤ መጽሐፉ ምን ይሠራልኛል?» ኧረ በፈጣሪ!

ዘ ሆቢት እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ያውም የልጆች። ፊልሙ ግን ሦስት ክፍል! በረካ እንደሚቀጥን እኛ ቡና ጠጪዎቹ እናውቃለን፤ ለፊልም ሠሪዎቹ ማን ይንገራቸው?

መሙያው ደግሞ! ሌጎላስ የሚባለው የፊልሙ ቀስተኛ መጽሐፉ ውስጥ ዝር አይልም። ታውሪየል የምትባለዋ ጭራሽ ለፊልሙ የተፈጠረች ናት። ይባስ ብለው ከድንኩ ከኪሊ ጋር ፍቅር አስያዟት።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የዘንዶው ሞት ነው። መጽሐፉ ላይ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ቢልቦ ሲያወራ አንድ ያረጀ ወፍ ይሰማዋል፤ የዘንዶው የስማውግ ደረት ላይ ያልተሸፈነ ቦታ አለ። ወፉ በርሮ ሄዶ ለቀስተኛው ለባርድ ይነግረዋል። ባርድ የቀረችውን ጥቁር ቀስት ይለቃል፣ አለቀ። እንዴት ያምራል! ፊልሙ ላይ ግን ባርድ የገዛ ልጁን አቁሞ ቀስቱን ትከሻው ላይ ያስደግፋል። ልጅ እኮ ነው፣ ባላ አይደለም!

የመጨረሻውን ጦርነትማ ተዉት።

ትናንት ደግሞ አንዱ «ታውሪየል መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለኝ። «መጽሐፉን አንብበህ ፈልጋት» አልኩት።