ፍየሏ ክሊኒክ ትምጣ ያለ የለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ የጤና ባለሙያ ስለ ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድኖች ሲናገሩ ሰማሁ። እነዚያ በአፋርና በሶማሌ ክልል አርብቶ አደሩ ያለበት ድረስ እየሄዱ በነጻ የሚያክሙት ቡድኖች እየቀነሱ ነው፤ ወሬው ስለዚህ ነበር። እሳቸው ብዙም አልከፋቸውም። ቡድኖቹ ድሮም ጊዜያዊ ነበሩ አሉ። ውድ ናቸው፣ ዘላቂ አይደሉም አሉ። ይህ ሳያንስ፣ ሕክምናን በነጻ ደጃፍ ድረስ መውሰድ ሕዝቡን ጥገኛ ያደርገዋል፤ ራሱ ወደ ጤና ተቋም መምጣት መልመድ አለበት ብለው አሳረጉት። አወያዩም አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

ከመጨረሻዋ ልጀምር፤ ከጥገኝነቷ። የዘጠኝ ወር ሕፃን የኩፍኝ ክትባት ሲወጋ በምን ሒሳብ ነው ጥገኛ የሚሆነው? ክትባት ሱስ ያስይዛል እንዴ? አዲስ አበባ ላይ ክትባት በነጻ ነው። መንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ነው። የቲቢ መድኃኒት በነጻ ነው፤ የኤችአይቪም እንዲሁ። መገናኛ ያለች እናት ልጇን አስከትባ ስትወጣ በር ላይ ጠብቆ «ጥገኛ እንዳትሆኚ» ያላት ሰው የለም። ሊላትም አይገባም። ታዲያ ይህ ምክር አፋር ቢዱ ወይም ሶማሌ ክልል ዋርዴር ስንደርስ ብቻ ለምን ትዝ ይለናል? የከተማው ሰው በነጻ ሲታከም መብቱ ነው። አርብቶ አደሩ ሲታከም ግን ልመና ይሆናል።

ደግሞ ነገሩን ኮሚክ የሚያደርገው ሌላ ጉዳይ አለ። የበግና የፍየል ወረርሽኝ ክትባት ሲሰጥ የእንስሳት ሐኪሞቹ የት ነው የሚሄዱት? መንጋው ያለበት። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዘው፣ መኪና ተነሥተው፣ ውኃ መጠጫው ድረስ። ፍየሏ ራሷ ክሊኒክ ትምጣ፣ አለዚያ ጥገኛ ትሆናለች ያለ ባለሙያ እስካሁን አልሰማሁም። ለፍየሏ የገባን ነገር ለእረኛው ልጅ ሲሆን ዘላቂነት የሚባል ጥያቄ ይወልዳል።

«ራሱ ይምጣ» ማለት መሬት ላይ ምን እንደሆነ እንይ። የአፋር አርብቶ አደር ከከብቱ ጋር ነው የሚንቀሳቀሰው። ካርማ የሚሉት የክረምት ዝናብ ሲጥል አንድ ቦታ ነው፤ በበጋው ሌላ ቦታ፤ ሱጉም የሚሉት የበልግ ዝናብ ከቀረ ደግሞ የት እንደሚደርስ እሱም አስቀድሞ አያውቅም። ጤና ኬላው ግን ብሎኬት ነው። አይነቃነቅም። በአሠራሩ አንድ ጤና ኬላ ከ3 እስከ 5 ሺህ ሰው ያገለግላል ይባላል። ሰዎቹ በሥፍራው ካሉ እውነት ነው። ሰዎቹ ከሄዱ ግን የሚቀረው በር ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አንዲት ትንሽ ነገር ላሳያችሁ፤ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ። የተለመደችው ብልቃጥ የአሥር ልጅ ነች። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። እንግዲህ ጤና ኬላ ውስጥ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቧት። አንዲት እናት ግማሽ ቀን ተጉዛ አንድ ልጅ ይዛ መጣች። ሠራተኛዋ ለአንድ ልጅ ብላ ብልቃጧን ብትከፍት ዘጠኙን ልትደፋው ነው። ስለዚህ «የክትባቱ ቀን ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ነይ» ትላታለች። ክፋት አይደለም፤ የመድኃኒቱ ሕግ ነው። እናትየዋ ግን ሐሙስ እዚያ የለችም። ግመሎቹ ተነሥተዋል፤ እሷም ተነሥታለች። ልጁ በመዝገብ «ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። አቋራጩ ማን ሆነና?

ተንቀሳቃሽ ቡድኑ ይህን ችግር ገልብጦ ነው የሚፈታው። አንድ ጊዜ ከሰመራ ወጣ ብሎ ሲሠሩ አይቻለሁ። መኪናዋ ግራር ሥር ቆመች። ሚዛኗን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሏት። ነርሷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃናቱን ክንድ በባለ ቀለሟ ጥብጣብ ትለካለች፤ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ጋ ይቆማል፣ ልጁም በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ቀይ ያሳየው እዚያው ፕላምፒነት የሚባለው የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ይሰጠዋል፤ ሌላ ችግር ከታየበት ደግሞ ወደ ሆስፒታል ይላካል። አሥር ልጅ ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። ሰዉ ውኃ ላይ ተሰብስቧል፤ ቡድኑ የሚመጣበትን ቀን ደግሞ ዳጉ፣ የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ባህል፣ ቀድሞ አዳርሶታል። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ከዚህ የበለጠ የቀጠሮ ሥርዓት የትኛው ሆስፒታል አለው?

አሁን ወደ «ዘላቂ አይደለም» ልምጣ። ይህን አባባል በየስብሰባው የሚደግሙ ሰዎች የራሳችንን የጤና ታሪክ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በምንድን ነው? በሕንጻ አይደለም። የማጥፋቱ ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛው ገጠር መንገድም ጤና ጣቢያም አልነበረውም። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የጤና ባለ ሥልጣናቱ ራሳቸው ከወባው ሥራ ጋር ይጋጫል ብለው ሲያመነቱ ነበር። ጥቂት ሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች)፣ ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ ሁለት ጫፍ ያላት ቀጭን መርፌና ሙቀት የሚችል የደረቀ ክትባት፤ ያለው ይኸው ነው። በእግር ሄዱ። በበቅሎ ሄዱ። በኋላ ሄሊኮፕተርም መጣ። የታመመ ልጅ ፎቶ ያለበትን ካርድ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ መንደር ለመንደር ጠየቁ። ደጋ ላይ ክትባት አንፈልግም ያላቸው ነበር፤ በተለይ በባህላዊ መንገድ የሚከትቡ ሰዎች በነበሩበት አካባቢ። ቆላ ላይ ደግሞ ችግሩ እምቢታ ሳይሆን ዘላኑን ማግኘት ነበር። መሀል ላይ አብዮቱ ፈነዳ፤ ንጉሡ ወረዱ፤ አገር ታመሰ። እነሱ አልቆሙም። በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ታማሚ የተገኘችው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። የት መሰላችሁ? ከተማ ውስጥ አይደለም። በኦጋዴን በረሃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር፣ አርብቶ አደሩ መሀል። ከአንድ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የመጨረሻው ታማሚ ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በሽታው በተፈጥሮ የያዘው ሰው በዓለም ላይ የለም።

እስቲ እነዚያ ሰዎች ጎዴ ላይ አንድ ክሊኒክ ሠርተው «ፈንጣጣ ያለበት ራሱ መምጣት ይልመድ» ብለው ቢቀመጡስ ኖሮ? ዛሬም ፊታችን ላይ ጠባሳ ነበር። ቡድኑ ጊዜያዊ ነበር፤ አዎ። ውጤቱ ግን ከየትኛውም የተመረቀ ሕንጻ በላይ ዘላቂ ሆነ። በአገራችን የጤና ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አለ የሚል ካለ ይንገረኝ።

የምንኮራበት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምስ? በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተቀጥረው ቤት ለቤት እንዲሄዱ አይደለም እንዴ የታሰበው? ለዚህ ፕሮግራም ዓለም አጨበጨበልን። ደጋ ላይ ቤት መሄድ ፈጠራ ከሆነ ቆላ ላይ እንዴት ጥገኝነት ይሆናል? ልዩነቱ አንድ ነው፤ የቆላው ቤት ይንቀሳቀሳል።

ቋሚ ተቋም ብቻውን ምን እንዳመጣ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሕፃናት 89ኙ መሠረታዊ ክትባቶችን ጨርሰዋል። አፋር ላይ 15ቱ። እዚያው ጥናት ላይ አፋር ውስጥ በሕይወት ከተወለዱ 1 ሺህ ልጆች 125ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ይላል፤ ከሁሉም ክልሎች የከፋው ነበር። «መምጣት ይልመዱ» ለሚለው ምክር ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ?

ውድ ነው የሚለውን ቶሎ ልለፈው። አንድ ሾፌር፣ ጥቂት ነርሶች፣ ነዳጅ፣ አበል። ይህ ውድ ከሆነ ኩፍኝ በወረርሽኝ ሲነሣ የሚሰለፈው ላንድክሩዘር ስንት ይፈጃል? ያኔ ማንም ዘላቂነት አይጠይቅም። ሁሉም ሰደርያ ለብሶ ፎቶ ይነሣል።

ትክክለኛው ችግር ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር የሚለው ነው። አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በመጋቢት ዩኒሴፍ የተናገረውን ሰምታችኋል፤ አፋር ውስጥ ከሚደግፋቸው 30 ተንቀሳቃሽ የጤናና የሥነ ምግብ ቡድኖች በሥራ ላይ የቀሩት 7 ብቻ ነበሩ። ዋሽንግተን ላይ አንድ ወረቀት ተፈረመና ግራር ሥር የተሰቀለው ሚዛን ወረደ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸው ነው። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ቡድኑ ይቅር» ነው ወይስ «ወርቁ የራሳችን ይሁን»? ባለሙያው የመጀመሪያውን መረጡ። ጥገኛው አርብቶ አደሩ ነው አሉን። የእኔ ቤት ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ ጥገኛ የሆነው በጀቱ ነበር።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ምጥ የመኪናዋን ቀን አይጠብቅም። ቀዶ ሕክምና ግራር ሥር አይሠራም። ስለዚህ ዱብቲ ሆስፒታልም ያስፈልጋል፣ አምቡላንስም ያስፈልጋል፣ ጤና ጣቢያም ያስፈልጋል። ግን ከሆስፒታሉ መድረስ ያለባትን እናት አስቀድሞ አግኝቶ «አንቺ እዚህ እንዳትወልጂ» የሚላት ማነው? ያው ቡድኑ ነው።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ቡድን የድርቅ ጊዜ ፕሮጀክት መሆኑ ይቅር። በአርብቶ አደር ወረዳዎች መደበኛው የጤና አገልግሎት እሱ ይሁን፤ ጤና ኬላው ደግሞ የእሱ መጋዘንና ማረፊያ ይሁን። ነርሶቹ በዓመት የሚታደስ ውል ሳይሆን ቋሚ መደብ ይኑራቸው፤ የአፋርኛና የሶማልኛ ተናጋሪዎች ይቅደሙ። የጉዞ ካላንደሩ በካርማና በሱጉም፣ በውኃና በገበያ ቀን ይውጣ እንጂ በለጋሽ ሪፖርት ቀን አይውጣ። የእንስሳት ሐኪሙና ነርሷ በአንድ መኪና ይሂዱ፤ ነዳጁም ይካፈላል፤ መንጋው ባለበት ልጁም አለና። ነዳጁና ደሞዙ በክልልና በፌዴራል በጀት ሰነድ ላይ በስሙ ይጻፍ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀቷ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ከገቡት አንዷ ነች፤ ቃሉ የት እንደደረሰ ሰነዱን የሚያገላብጥ ያውቀዋል። መጀመሪያ የቆሙት 23ቱ ቡድኖች ይመለሱ፤ ስለ ዘላቂነቱ ስብሰባ ከዚያ በኋላ እንቀመጣለን።