ለአንድ ፋይል አምስት ስም ላወጣችሁልን

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፋይልን ስም ግን መልአክ ብቻውን የሚችለው አይመስለኝም። ገጽ 1 ላይ አንድ ስም፣ ገጽ 3 ላይ ሌላ፣ ከምስሉ ሥር ደግሞ ሦስተኛ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ሸክም የተሸከማችሁልን እናንተ ናችሁ፤ የሶፍትዌር ቢልድና ቴስት (ኮድ መገንቢያና መፈተሻ) መመሪያ የምትጽፉልን ወገኖቻችን። እጃችሁ ይባረክ! ሰው ያማችኋል እንጂ እስከ ዛሬ ያመሰገናችሁ የለም። እኔ ግን ዛሬ ቆርጬ ተነስቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ አንድ ቆየት ያለ ፕሮጀክት ተረከብኩ። ኮዱ ያለው ጊት ላይ ነው፤ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም ማለት ነው። መመሪያው ደግሞ ለብቻው፣ ሁሉም እየገባ በሚያስተካክለው የጋራ ሰነድ ላይ ይኖራል። 4 ገጽ ነው። ገና ከመጀመሪያው «ቴስት ኮንፊግ የሚለውን ፋይል ክፈቱ» ይላል፤ በደማቅ ጽሑፍ፣ በሁለት ቃል፣ ሁለቱም በካፒታል ጀምረው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያው ፋይል ትምህርተ ጥቅስ ለብሶ መጣ። አሁን ፊደሉ ሁሉ ስሞል ሆኗል፤ መሀሉ ላይም ሰረዝ ገብቷል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሰረዙ ወደ ታች ወርዶ አንደርስኮር ሆነ፤ ጽሑፉም ዘመም አለ። ከሱ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ሰረዝም አንደርስኮርም የሉም፤ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ካፒታሏ ሲ ብቻ መሀል ላይ ጉብ ብላለች። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው የደከማቸው ይመስለኛል፣ «ከላይ የጠቀስነው ፋይል» ብለው ዘጉት።

የትኛው ከላይ? እሱን ለአንባቢ ትተውታል። አንባቢን ማክበር ማለት ይሄ ነው።

ፎልደሩን ስከፍተው ደግሞ ፋይሉ ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም። «ቴስትስ» ነው የሚለው፣ በብዙ ቁጥር። በካፒታል ቲ ይጀምራል፣ ከዚያ አንደርስኮር፣ ከዚያ ስሞል «ኮንፊግ»። እኔም አምስቱንም ስሞች ተራ በተራ ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ጻፍኩ፤ ተርሚናሉም አምስት ጊዜ «እንዲህ የሚባል ፋይልም ሆነ ፎልደር የለም» አለኝ። አምስተኛው ላይ የምሬን «ከላይ የጠቀስነው ፋይል» ብዬ ጽፌ ነበር። ከመሸ በኋላ ሰው ብዙ ነገር ይሞክራል።

እንግዲህ አንዳንድ ደረቅ ሰው «ምናለ አንዱን ስም መርጠው በሱ ቢጸኑ?» ይል ይሆናል። ይህ የጽሑፍን ጣዕም ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍ «አንድ ቃል አትደጋግሙ» ተብለን ነው ያደግነው። አንድን ፋይል 12 ጊዜ በአንድ ስም መጥራት ምን ይባላል? መመሪያው ሲነበብ ማሽን የጻፈው እንዲመስል ነው? የሚያነበው ማሽን መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ደግሞም የፋይል ስም ሲጻፍ መልኩን ካልለዋወጥን የደማቁ፣ የዘመመውና የኮዱ ቅርጸ ፊደል ጥቅም ምንድን ነው? ይህን ያልተረዱ ሰዎች ዓለም ላይ ሞልተዋል። የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ማንዋል ገጽ የሚጽፉትን ተመልከቱ። የአጻጻፍ ደንባቸው «የፋይል ስም ሁልጊዜ ዘመም ተደርጎ ይጻፋል» ይላል። ሁልጊዜ! ቴክስኢንፎ የሚባለው የጂኤንዩ (የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ነው) ሰነድ ማዘጋጃማ ለፋይል ስም ብቻ የተለየ ምልክት አለው፤ ለኮማንድ ሌላ፣ ለኮድ ሌላ። ዶክቡክ የሚባለው የሰነድ መጻፊያ ቋንቋም እንደዚሁ። አንባቢ ገና ሲያየው «አሃ፣ ይሄ ፋይል ነው» እንዲል ማለት ነው። ምን ያህል ትርፍ ጊዜ ቢኖራቸው ነው?

የእኛ ሰነድ ላይ ግን ደማቅ ሲሆን ፋይል ሊሆን ይችላል። በተን ሊሆን ይችላል። ወይም ጸሐፊው በዚያ ቀን የተናደዱበት ነገር ሊሆን ይችላል።

ችግሩን የሚፈጥረው ሊኑክስ ነው። ለሱ ካፒታል ቲ እና ስሞል ቲ ዘመድ አይደሉም። በሁለቱ የተሰየሙ ሁለት ፋይሎችን አንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ ሰላምታም አይለዋወጡም። ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አሠራራቸው ሸጋ ናቸው። ስሙን እንደጻፍከው ያስቀምጡታል፤ ስትጠራው ግን ካፒታል ስሞል ብለው አያካብዱም። መመሪያው ታዲያ የሚጻፈው እዚያ ነው። ቢልዱ የሚሄደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ ጸሐፊው «እኔ ጋ ይሠራል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ጋ ይሠራል።

የቢልድ መሣሪያዎቹም ቢሆኑ ግትሮች ናቸው። ቢልድ የሚያካሂደውን ጂኤንዩ ሜክን እንውሰድ። የሥራ ትእዛዙ ያለበት ፋይል ካልተነገረው በሦስት ስም ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ጂኤንዩሜክፋይል፣ ቀጥሎ በስሞል ሜክፋይል፣ በመጨረሻ በካፒታል ኤም ሜክፋይል። ማንዋሉ ከሦስቱ ካፒታሉን ይመክራል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ ፋይሎቹ ሲዘረዘሩ ከሪድሚ (ስለ ፕሮጀክቱ ከሚያስረዳው ፋይል) አጠገብ፣ ከላይ ይታያልና። ሦስት ስም ፈቅዶ፣ አንዱን መርጦ፣ ለምን እንደመረጠ ተናገረ። ምን ዓይነት ጥብቅነት ነው ይሄ? እኛ ወዲያው አራተኛ ጨመርንለት፤ «ሜክ ፋይል»፣ መሀሉ ክፍት። ሜክ እስካሁን አያውቀውም። ይለምደዋል።

ጂሲሲ (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ጋ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የፋይሉ መጨረሻ ነጥብ ስሞል ሲ ከሆነ የሲ ኮድ ነው ብሎ ያነበዋል። ካፒታል ሲ ከሆነ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ አስቡት፤ መመሪያው ላይ ለማማር ብቻ ከፍ የተደረገች አንዲት ፊደል ቋንቋ ትቀይራለች። የትኛው ደራሲ ነው በአንድ ፊደል ይህን ያህል የሠራ?

ጎ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የፋይልህ ስም በአንደርስኮርና በ«ዊንዶውስ» ካለቀ ሊኑክስ ላይ ቢልድ ውስጥ አይገባም። ስለ መስኮት የምትጽፉ ተጠንቀቁ። ይህን በጨረፍታ ነው የነገርኳችሁ።

(የእኛ ፊደል ካፒታል የለውም ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ሰ እና ሠ አሉን። «ሰነድ» ብሎ ሰይሞ «ሠነድ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ፋይሎች ነው የጠራው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ጋ ስንደርስ ደግሞ ስጦታችን ሦስት እጥፍ ይሆናል።)

ጽሕፈት ማሰናጃ ፕሮግራሞችንም ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ጸሐፊው ዝም ብለው ቢጽፉ እንኳ እነሱ ያግዟቸዋል። ዓረፍተ ነገሩ በፋይል ስም ከጀመረ የመጀመሪያዋን ፊደል ካፒታል ያደርጉላቸዋል። ሁለት አጫጭር ሰረዞችን አይተው «ምስኪኖች፣ ለምን አይጋቡም» ብለው አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጓቸዋል። ቀጥ ያለውን ትምህርተ ጥቅስ ያጎብጡታል። ያንን ኮማንድ ኮፒ አድርጎ ተርሚናል ላይ የለጠፈ ሰው ትዕግሥት ይማራል፤ ለዓይን ልክ ነው፣ ለማሽኑ ግን አይደለም።

ማርክዳውን፣ ጽሑፍን እንደ አንደርስኮር ባሉ ምልክቶች የሚያሳምረው አጻጻፍ፣ የባሰ ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በየፎልደሩ የሚቀመጥ ኢኒት የሚባል ፋይል አለ፤ ከስሙ በፊት ሁለት፣ ከስሙም በኋላ ሁለት አንደርስኮር አለው። ይህን በኮድ ምልክት ሳታጥሩ እንዲሁ ጻፉት። ማርክዳውን አራቱንም አንደርስኮር ይውጥና «ኢኒት» የሚለውን ብቻ ደማቅ አድርጎ ያወጣዋል። ፋይሉ ከስቶ ስሙ ወፈረ ማለት ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ያየውን ይፈጥራል፤ ኢኒት፣ ያለ አንደርስኮር። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይጠፋል። ልጁ ማለቴ ነው።

የሥራችሁ ቁንጮ ግን ቴስቱ ላይ ነው።

ፓይቴስት፣ የፓይተን ቴስቶችን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ካልተነገረው በስተቀር የሚፈልገው በ«ቴስት» እና አንደርስኮር የሚጀምር፣ ወይም በአንደርስኮርና «ቴስት» የሚያልቅ የፓይተን ፋይል ነው። ሌላውን አያይም። አይቶ አይደለም የሚያልፈው፤ ጭራሽ አያይም። መመሪያችን ደግሞ «አዲስ ቴስት ስትጽፉ ፋይሉን በቴስትስ ጀምሩ» ይላል፤ ያቺው የብዙ ቁጥር ኤስ። እኔም ታዛዥ ነኝ፣ ጀመርኩ። የሎግኢን ቴስት ጻፍኩ፣ ላክሁ፣ አረንጓዴ በራ፤ አለፈ ማለት ነው። ሳምንት ሄደ፣ አረንጓዴ። ሌላ ሳምንት፣ አረንጓዴ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጠንካራ ኮድ ጽፌ አላውቅም ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ቀን ሎግኢኑ ተሰበረ። ሰው የይለፍ ቃሉን በትክክል እያስገባ አይገባም። ቴስቱ ግን አረንጓዴ ነው። ተጠራጠርኩና ፋይሉን ከፍቼ «1 ከ2 ጋር እኩል ነው» የሚል መስመር ጨመርኩበት። ቴስቶቹን በሙሉ አስኬድኩ። አረንጓዴ። ሌሎቹ ቴስቶች በሙሉ ሄደው አልፈዋል፤ የእኔው ግን አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም። ያልሄደ ቴስት ደግሞ አይወድቅም። እናንተ በአንዲት ኤስ ብቻ ፈጽሞ የማይወድቅ ቴስት ፈጠራችሁ። ስንት ምሁር የደከመበት ነገር እኮ ነው!

ለጸሐፊው ጻፍኩላቸው። ስሙን አልናገርም፤ ደግ ሰው ነው፣ አሁን ሌላ ቡድን ውስጥ ነው። «ወንድሜ፣ የፋይሉ ስም በየገጹ ይለያያል፣ የትኛው ነው ትክክሉ?» አልኩት። ወዲያው መለሰልኝ፤ «ወንድሜ፣ ገብቶሃል እኮ። ዋናው ሐሳቡ ነው።»

ልክ ነው፣ ገብቶኛል። ሰርቨሩ ነው ያልገባው።

ቆይቼ ሳስበው ይህ የአንድ ሰው ጥበብ አይደለም። የብዙ እጅ ሥራ ነው። አንዱ ከቻት ላይ ኮፒ ያደርጋል፣ ሌላው ከጭንቅላቱ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ስልኩ ያስተካክልለታል። ከዚያ አንድ ቀን ፋይሉ ስም ይቀየርለታል። አንድ ትጉህ ሰው አሮጌውን ስም ሰነዱ ላይ ፈልጎ በአዲሱ ይተካል። ፍለጋው ግን ያገኘው አንዱን አጻጻፍ ብቻ ነው፤ ሰረዝ ያለበትን። አንደርስኮር ያለበት፣ የተጣበቀው፣ መሀሉ ክፍት የሆነው ሁሉ ባሉበት ይቀራሉ። አሮጌዎቹ ሳይሞቱ አዲሱ ተወለደ። እንዲህ እያለ ዘር ይበዛል።

እኔ ግን ይህን ውርስ አላውቅበትም። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ሰነዱን ከላይ እስከ ታች አስተካከልኩት። ፋይሉን ሁሉም ቦታ በኮድ ቅርጸ ፊደል፣ ሁሉንም ፊደል ስሞል፣ መሀሉን በአንደርስኮር ጻፍኩ። 12 ቦታ። የቴስቶቹንም አሰያየም አረምኩ። የቀረው ፎልደሩ ውስጥ ያለው ፋይል ራሱ ነበር፤ ካፒታሏን ቲ ስሞል ማድረግ። ላፕቶፔ ላይ፣ ከእነዚያ ካፒታል ስሞል ከማያካብዱት አንዱ ነው፣ ፋይሉን ተጭኜ ስሙን ቀየርኩ። ተቀየረ፣ በዓይኔ አየሁት። ኮሚት ላድርግ፣ ለውጡን ላስመዝግብ ብዬ ጊትን ጠየቅኩ።

«ኮሚት የሚደረግ ነገር የለም» አለኝ። «ሁሉም ንጹሕ ነው።»

ከካፒታል ወደ ስሞል ብቻ ሲሆን እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ለጊት አይታየውም፤ በራሱ በጊት የስም መቀየሪያ ኮማንድ ማድረግ ነበረብኝ። ያን የተረዳሁት ግን ቆይቼ ነው። በዚያ ምሽት «ንጹሕ ነው» ሲለኝ አመንኩት፣ ዘግቼ ተኛሁ።

ጠዋት ሊኑክስ ላይ የምትሠራ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጻፈችልኝ። «መመሪያው ላይ ያለው ፋይል እኔ ጋ የለም። ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ግን በካፒታል ነው። የትኛው ነው ትክክሉ?»

ላፕቶፔን ከፍቼ አየሁ። እኔ ጋ ይሠራል።

«እህቴ፣» ብዬ መለስኩላት፣ «ገብቶሻል እኮ።»