ተወዳድሮ የማያውቅ ሰው የሞተር ቡድን ይመራል?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የሞተር ሳይክል ውድድር ቡድንን መምራት ያለበት ራሱ የተወዳደረ ሰው ነው።» ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ፋውስቶ ግሬሲኒን ላንሳ። የጣሊያን ሰው ነው፣ የኢሞላ ልጅ። በ125 ሲሲ (ምድቦቹ በሞተሩ መጠን ነው የሚለዩት) ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ በ1985 እና በ1987። በሁለተኛው ዓመት ከ11 ውድድሮች 10ሩን ጠራርጎ ወሰደ። እስከ 1994 ነዳ፣ በ1997 የራሱን ቡድን ይዞ ተመለሰ።

ያ ሁሉ መንዳት ለአለቃነት ምን ጠቀመው? እኔ መልሱን የማገኘው 2003 ላይ ነው። የቡድኑ ልጅ ጃፓናዊው ዳይጂሮ ካቶ በሱዙካ ትራክ ላይ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። ሁለት ሳምንት ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ አረፈ። ይህ ልጅ በ2001 ለግሬሲኒ እየነዳ በአንድ ዓመት 11 ጊዜ አሸንፎ የ250 ሲሲ ሻምፒዮን የሆነ ነው። ካረፈ ከሳምንት በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ዌልኮም ላይ ውድድር ነበር። የቡድን ጓደኛው ሴቴ ጂበርናው ወጣ፣ አሸነፈም።

በእንዲህ ያለ ሳምንት አንድን ልጅ «ትነዳለህ ወይስ ይቅርብህ?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ማነው? በዚያ ፍጥነት ራሱ የነዳ ሰው ነው። ያልቀመሰው ከጠየቀ ነገሩ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይሆናል።

ተቃዋሚ፦

ወንድሜ፣ የካቶን ነገር ሳነብ እኔም ሆዴ ባባ። ግን ሐዘን ለመረዳት የግድ ሞተር ላይ መውጣት ያስፈልጋል? የግሬሲኒንም ታሪክ መሃል ላይ አቆምከው። ልቀጥልልህ።

ግሬሲኒ በፌብሩዋሪ 2021 በኮቪድ አረፈ። 60 ዓመቱ ነበር። ቡድኑን ባለቤቱ ናዲያ ፓዶቫኒ ተረከበች። እሷ ተወዳዳሪ አልነበረችም። ጊዜውም ክፉ ነበር። ቡድኑ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ የአፕሪሊያ ፋብሪካን ሞተሮች ይዞ ነበር የሚወዳደረው፣ ከ2022 ጀምሮ ራሱን መቻል ነበረበት። ከሌላው የሞተር ፋብሪካ ከዱካቲ ጋር የተደረገው ስምምነት ይፋ የሆነው ባሏን ከቀበረች ከአራት ወር በኋላ ነው። የ2022 የመጀመሪያው ውድድር ኳታር ላይ ተካሄደ። የቡድኑ ልጅ ኤኔያ ባስቲያኒኒ አንደኛ ወጣ! በዚያ ዓመት አራት ጊዜ አሸንፎ በጠቅላላው ሦስተኛ ሆነ። በ2024 ደግሞ ማርክ ማርኬዝ፣ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ድል የራቀው ሰው፣ በዚሁ ቡድን ስፔን፣ አራጎን ላይ አሸነፈ።

የአለቃ ሥራ እኮ ትራክ ላይ አይደለም። ስፖንሰር መፈለግ፣ ከፋብሪካ ጋር መደራደር፣ ጥሩ ሜካኒክ እንዳይሄድ ማድረግ ነው። ዳቪዴ ብሪቪዮ በግራንድ ፕሪ (በዓለም ሻምፒዮና ውድድር) ተወዳድሮ አያውቅም፣ ግን በ2020 ሱዙኪን ለሻምፒዮንነት ያበቃ አለቃ ነው። ኬኒ ሮበርትስ በተቃራኒው ከ1978 እስከ 1980 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የ500 ሲሲ ሻምፒዮን ነበር። በ1997 የራሱን ሞተር ሠርቶ መጣ። በዚያ ሞተር አንድም ውድድር አላሸነፈም።

ደጋፊ፦

እህቴ፣ ሮበርትስን ካነሳሽ ዌይን ሬይኒንም አንሺ። ከ1990 እስከ 1992 ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በሮበርትስ ቡድን ውስጥ ነው። የራሱ ሞተር ያልተሳካለት ትንሽ ጋራዥ ይዞ ከእነ ሆንዳና ያማሃ ጋር ሲታገል ነው።

ናዲያን አከብራለሁ፣ ከልቤ። ግን በ2022 ያሰለፈቻቸው ሁለቱ ልጆች፣ ባስቲያኒኒና ፋቢዮ ዲ ጃናንቶኒዮ፣ ከየት መጡ? ሁለቱም ገና በሞቶ3፣ በታችኛው ምድብ ሳሉ ግሬሲኒ ጋር ነድተዋል። ዓይን ያለው እሱ ነበር። በ2011 ሌላው ተወዳዳሪው ማርኮ ሲሞንቼሊ ማሌዥያ፣ ሴፓንግ ላይ ሲሞትበትም፣ ለሁለተኛ ጊዜ ልጅ ቀብሮ፣ ቡድኑን አልበተነም። ቤቱን የሠራው እሱ ነው፣ እሷ ገባችበት።

ተቃዋሚ፦

የተሠራ ቤት ገባች፣ እሺ። ግን ስንት የተሠራ ቤት ነው ባለቤቱ በሞተ በዓመቱ የፈረሰው? ይህኛው አልፈረሰም። በ2025ም የማርክ ወንድም አሌክስ ማርኬዝ በዚሁ ቡድን የዓለም ሁለተኛ ሆኗል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። በፌብሩዋሪ 2021 ውሳኔው በአንተ እጅ ቢሆን፣ ያቺን ሴት «ተወዳድረሽ አታውቂም» ብለህ ትመልሳት ነበር?