ፈረንሳይ በብስክሌት፦ ዳገቱን ተዉትና ሰዓቱን ንገሩን

ስለ ፈረንሳይ ገጠር የብስክሌት ጉዞ የሚለጠፈው ፎቶ ሁሉ የሱፍ ማሳ ነው። ሱፉስ አለ፣ ማን ካደ! ግን 60 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ውኃው አልቆበት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ ቤት በር ላይ «ፌርሜ» የምትለዋን ወረቀት አፍጥጦ የሚያነብ ሰው ፎቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፌርሜ ማለት «ዝግ ነው» ማለት ነው። ከ«ቦንዡር» በፊት መጠናት የነበረበት ቃል እሱ ነበር። (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በንዴት መሀል ስድስት መደመር አይቻልም።)

እስኪ እንቁጠረው። የገጠር ሱቅ 6 ሰዓት ወይም 6፡30 ላይ ይዘጋል፤ እስከ 8፣ አንዳንዱም እስከ 9 ሰዓት ወፍ የለም። ምግብ ቤቱ ደግሞ ምሳ የሚያወጣው ከ6 እስከ 8 ነው። 8 ሰዓት ከ10 ላይ ከደረስክ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፤ ቡና ይሰጡሃል፣ ደግ ከሆኑ። ከዚያ ወዲያ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ትኩስ ምግብ አታስብ። እሑድ ከሰዓት ሁሉም ዝግ። ሰኞ ደግሞ እሑድ ጠዋት የሠራው ያርፋል። ኦገስት ላይ ጨርሶ ቆልፎ እረፍት የሚወጣም አለ። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የሰኞንም ጨምረህ ትገዛለህ፤ ሁለት ኪሎ ተጨማሪ ጭነት ኋላ ጎማ ላይ ማለት ነው። የጠዋቱ ባጌት (ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ) እንደሆነ ማታ ዱላ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22 ስለሚውል የጿሚው ብሶት ለብቻው ነው። ባጌቱ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው፣ ይበላል። ክሯሳን ግን ቅቤ ነው፣ አትታለል። የምስር ጣሳ ስታነሣም ጀርባውን አንብብ፤ «ፖር» ካለ አሳማ አለበት።

ውኃስ? በሙቀት ቀን ቢያንስ ሦስት ሊትር ይጠጣል። የመንደሩ አደባባይ ቧንቧ ደርቋል ወይም «ኦ ኖን ፖታብል» ተጽፎበታል፤ አይጠጣም ማለት ነው። እዚህ ጋ ልምድ ያለው ሳይክለኛ ሁሉ የሚያውቀው መፍትሔ መቃብር ቦታ መሄድ ነው። አበባ ለማጠጣት ብለው ብዙ መንደሮች መቃብራቸው በር አካባቢ ቧንቧ አላቸው። ያችኑ ጽሑፍ እዚያም ፈልጋት። ሕያዋኑ ሲዘጉብህ ሙታን ጋ ትሄዳለህ እንግዲህ።

አየር መሙላት ሌላ ቀልድ ነው። ቀጭኑ የብስክሌት ቫልቭ፣ አየር የሚገባበት የጎማው አፍ፣ በስሙ የፈረንሳይ ቫልቭ ይባላል። የፈረንሳይ ነዳጅ ማደያ መንፊያ ግን ለመኪናው ወፍራም ቫልቭ የተሠራ ነው፣ አይገጥመውም! ጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ ማያያዣ ይዘህ ካልሄድክ ማደያው አጠገብ ቆመህ በእጅ መንፊያ ታልባለህ። የጋዝ ምድጃውም እንደዚሁ ነው። ከሌላ አገር የምታመጣው ምድጃ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው፤ የገጠሩ ሱቅ በብዛት የሚይዘው ጠቅ ብሎ የሚገባውን ወይም የሚበሳውን ጣሳ ነው። ማያያዣውን ከከተማ ካልያዝክ ፓስታህን በጥሬው ቆርጥም።

ትልቁ ጣጣ ግን የኋላ ጎማ የቸርኬ ሽቦ ነው። 20 ኪሎ ጭነህ ስትነዳ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በካቴናው በኩል ያለው ነው፤ ማርሹ ቦታ ስለያዘ በዚያ በኩል ሽቦው ይበልጥ ተወጥሮ ነው የሚቆመው። አዲሱን ለማስገባት ማርሹ መውለቅ አለበት፤ ማርሹ ያለ መፍቻው አይወልቅም። አንድ ሲበጠስ ቸርኬው ይጠማል፣ ፍሬን ይነካል፣ ጎረቤቱም ይከተለዋል። የብስክሌት መሸጫዎች አብዛኞቹ ሰኞ ዝግ ናቸው። እሑድ ከተበጠሰ ማክሰኞ ማለት ነው! በልኩ የተቆረጡ ሦስት ሽቦዎችና ያቺን መፍቻ የማይዝ ሰው የእረፍት ቀናቱን እየቆጠረ ይቀመጥ።

ሽቦው ደግሞ የሚበጠሰው «ሜዳ ነው፣ ይቀላል» በተባለው መንገድ ላይ ነው። ካናል ዱ ሚዲ በ1681 ያለቀ፣ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን 240 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቦይ ነው። ዳገት የለውም፣ እውነት ነው። ከቱሉዝ ሲወጡ አስፋልት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲርቁ ግን የፕላታን ዛፍ ሥር መንገዱን እንደ መሰላል ያደርገዋል። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ የሚገባ ሰው ወገቡን ይጠይቅ፤ 40 ይሁን። እንዲህ ባሉ የብስክሌት መንገዶች ላይ መኪና በሚያቋርጥበት ሁሉ ሞተር እንዳይገባ ተብሎ የተተከለ የብረት በርም ይገጥምሃል። ሞተሩን እንጃለት፣ አራት ቦርሳ የጫነውን ግን በሚገባ ያግደዋል። ቦርሳ ፍታ፣ አሻግር፣ መልሰህ እሰር፤ ቀጣዩ መሻገሪያ ላይ ደግሞ እንደገና።

ይኼን ሁሉ አልፈህ ማታ 1 ሰዓት ከ10 ላይ የመንደሩ ማዘጋጃ የሚያስተዳድረው ካምፒንግ ትደርሳለህ። እንግዳ መቀበያው ተዘግቷል። በሩ ላይ «ድንኳናችሁን ትከሉ፣ ጠዋት እንመጣለን» የሚል ወረቀት አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሒሳብ ተቀባዩ ድንኳንህ ደጃፍ ቆሟል፤ እሱ ብቻ ፌርሜ አያውቅም።