ደቦርን ተዉት፣ ይሥራበት

የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በፈረንጆቹ 2026 የአዲስ ዓመት ዕለት፣ ሮዝ ቦውል በሚባለው ትልቅ ጨዋታ፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ 38 ለ 3 ተሸነፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮውም ማኅበራዊ ሚዲያውም አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፤ የቀድሞው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ቢኖር ኖሮ ይህ አይደርስብንም ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የታወቀ ነው። ኬለን ደቦር ይባረር! ሁለት ዓመት ብቻ የሠራ አሰልጣኝ ነው እኮ። እኔ ግን ይህን ወሬ መስማት አንገሽግሾኛል።

እስቲ ከዚችው “ሴባን ቢኖር” ከምትለው እንጀምር። ሴባን እያለም አላባማ ተሸንፏል። በ2007 በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በገዛ ሜዳው፣ በሉዊዚያና ሞንሮ 21 ለ 14 ተረትቷል። ትልልቆቹ ቡድኖች አቅማቸውን ለማሟሸት የሚጋብዙት ዓይነት ትንሽ ቡድን ነው። ዓመቱን የጨረሰው በ7 ድልና በ6 ሽንፈት ነበር። ያኔ ገና ጀማሪ ነበር ካላችሁኝ፣ የ2018ቱን የውድድር ዘመን ፍጻሜ አስታውሱ። ክሌምሰን 44 ለ 16 ቀጥቶታል። በመጨረሻ ዓመቱ በ2023ም ቴክሳስ የአላባማ ቡድን መቀመጫ ከተማ ተስካሉሳ ድረስ መጥቶ 34 ለ 24 አሸንፎት ሄዷል። ሴባን ሰባት የአገር ዋንጫ ያነሳ፣ ስድስቱን ለአላባማ ያመጣ ሰው ነው። በዘመናችን አቻ የለውም። ግን የማይሸነፍ ሴባን የሚባል ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደጋፊው በሐሳቡ የፈጠረው ነው። ደቦር በየሳምንቱ የሚመዘነው ከዚህ ሰው ጋር ነው። ማን ያሸንፈዋል?

ደግሞስ አላባማን የቀጣው ማን ሆነና ነው? የኢንዲያናው ከርት ሲግኔቲ በ2007 ሴባን ተስካሉሳ ሲገባ አብሮት የገባ ረዳቱ ነበር። ቡድኑም ከዚያ በኋላ አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዷል። የ38 ለ 3 ውጤት ያሳፍራል፣ አልክድም። አሰልጣኝ ለማባረር ግን አይበቃም።

ሴባን ያሸነፈበት ጨዋታ ራሱ ዛሬ የለም። ተጫዋቹ እንዳሻው ዩኒቨርሲቲ ይቀይራል። በስሙና በምስሉ ገንዘብ ይሠራል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ይከፍለዋል። ድሮ አላባማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ዛሬ ሌላ ቦታ ሄደው ከመጀመሪያው ቀን ይሰለፋሉ። ሴባን በጥር 2024 በቃኝ ሲል ለተጫዋቾቹ የ30 ቀን በር ተከፈተ። ኬሌብ ዳውንስ ኦሃዮ ስቴት ገብቶ በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሳ። ገና ግቢውን በቅጡ ያልለመደው ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው መሪ ተጫዋች) ጁሊያን ሳዪንም ወደዚያው ሄደ። አይዛያ ቦንድ ቴክሳስ ገባ። ደቦር የተቀጠረው ሴባን በወጣ በሁለተኛው ቀን ነው። የተረከበው ሻንጣውን የሚሸክፍ ቡድን ነበር።

የቫንደርቢልቱን ሽንፈት ታነሱብኛላችሁ፣ አውቃለሁ። በጥቅምት 2024፣ ጆርጂያን 41 ለ 34 ባሸነፈ በሳምንቱ፣ በቫንደርቢልት 40 ለ 35 ተሸነፈ። የቫንደርቢልት ከተማ የናሽቪል ልጆች የጎሉን ቋሚ ነቅለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በብሮድዌይ ጎዳና መሀል አልፈው ኩምበርላንድ ወንዝ ወረወሩት። ለአላባማ ሰው የሚያንገበግብ ነው። ያ ዓመት በ9 ድልና በ4 ሽንፈት አለቀ። በቀጣዩ ዓመት ግን ይኸው ደቦር የጆርጂያ ቡድን መቀመጫ ወደሆነችው አቴንስ ሄዶ ጆርጂያን 24 ለ 21 አሸነፈ። ጆርጂያ በሜዳው 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። በታኅሣሥ ወር ኦክላሆማ ሜዳ ላይ በኦክላሆማ 17 ለ 0 ተመርቶ ሳለ፣ ከኋላ ተነሥቶ 34 ለ 24 አሸንፎ ወጣ። ይህን የሚያስታውስ የለም። የሚታየው 38 ለ 3 ብቻ ነው። ዓይንህን ላፈር ሲሉት እንዲህ ነው።

ከታላቅ ሰው በኋላ ትዕግሥት ማጣት ምን እንደሚያመጣ ማየት የፈለገ ነብራስካን ይመልከት። እዚያ ቦብ ዴቫኒ በ1970 እና በ1971 ዋንጫ አንስቶ ወንበሩን ለረዳቱ ለቶም ኦዝበርን ለቀቀ። ኦዝበርን በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ዋናውን ባላንጣ ኦክላሆማን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። አምስት ዓመት ሙሉ! በ1978 በመጨረሻ 17 ለ 14 አሸነፈው። በዚያው ሰሞን ተማርሮ ወደ ኮሎራዶ ሊሄድ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ቀረ። እነሱም አላባረሩትም። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው በ1994 ነው፤ በ22ኛ ዓመቱ። በ1995 ደገመ። በ1997 ሠለሰና 255 ጨዋታ አሸንፎ ጡረታ ወጣ። ዛሬ ተስካሉሳ ውስጥ በሚጮኸው ሰው ሚዛን ቢሆን ኦዝበርን ገና በ1977 ተባሮ ነበር። ሦስቱም ዋንጫ አይኖርም።

ከዚያ ያው ነብራስካ ተራው ሲደርስ ይህን ትምህርት ረሳው። ኦዝበርንን የተካው ፍራንክ ሶሊች የሊጉን ዋንጫ በ1999 አነሳ፤ በ2001 የውድድር ዘመንም ለፍጻሜ ደረሰ። በ2002 ተንገዳገደ። በ2003 መልሶ ተነሳ፤ 9 አሸንፎ በ3 ተሸነፈ። ኮሎራዶን ባሸነፈ ማግስት አባረሩት። የስፖርት ዳይሬክተሩ ምክንያታቸው ቡድኑ ወደ ተራ ቡድንነት ሲወርድ ቆመው እንደማያዩ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ነብራስካ 5 አሸንፎ በ6 ተሸነፈ። ከ1961 ወዲህ እንዲህ ያለ ዓመት አይቶ አያውቅም ነበር። በኋላ የመጣው ቦ ፔሊኒ በየዓመቱ ቢያንስ 9 ጨዋታ አሸነፈ። አልበቃቸውም፤ በ2014 እሱንም አባረሩት። ከዚያ ማይክ ራይሊ መጣ፣ ሄደ። “የቤቱ ልጅ ይምጣልን” ተባለና የ1997ቱ ዋንጫ ኳርተርባክ ስኮት ፍሮስት መጣ። 16 አሸንፎ በ31 ተሸነፈ። ከ2017 እስከ 2023 ባሉት ሰባት የውድድር ዘመናት ቦውል የሚባለውን የዓመት መዝጊያ ጨዋታ አልተጫወቱም። የሊግ ዋንጫ ካነሱ ከ1999 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለነብራስካ ነው። ዘጠኝ ድልን የናቀ ቡድን ዘጠኝ ድልን ሲመኝ ዓመታት አለፉት።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነ አንባቢ ይህን እያነበበ ራሱን እንደሚነቀንቅ እገምታለሁ። ፈርጉሰን በራሳቸው የመረጡት ሞየስ የስድስት ዓመት ውል ፈርሞ አንዱን ዓመት እንኳ አልጨረሰም። ከዚያ በኋላ በመጣው በሄደው አሰልጣኝ የሊጉ ዋንጫ ተመለሰ? አልተመለሰም።

አላባማ ደግሞ ከራሱ ታሪክ መማር ነበረበት። ከሴባን በፊት የነበረው ታላቅ አሰልጣኝ ቤር ብራያንት በ1982 መጨረሻ ሲለቅ የተካው ሬይ ፐርኪንስ የብራያንት ተጫዋች ነበር። የቤቱ ልጅ ማለት እሱ ነው። በሁለተኛ ዓመቱ 5 አሸንፎ በ6 ተሸነፈ። ቀጥሎ ቢል ከሪ መጣ። በ1988 በሜዳው በኦሌ ሚስ ሲሸነፍ የቢሮው መስኮት በጡብ ተሰበረ። በዓመቱ 10 ጨዋታ አሸንፎ እንኳ አልወደዱትም፤ ጥሏቸው ኬንታኪ ሄደ። ከብራያንት መውጣት እስከ ሴባን መምጣት በነበሩት 24 የውድድር ዘመናት አላባማ ያገኘው የአገር ዋንጫ አንድ ነው፤ የ1992ቱ። ዛሬ “ሴባን ቢኖር” የሚሉት ሰዎች አባቶቻቸው “ብራያንት ቢኖር” ሲሉ ነው የከረሙት።

ደቦር የሚሠራበትን ቦታ ደግሞ አስቡት። ስታዲየሙ ብራያንት ደኒ ይባላል። ሜዳው ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሴባን ስም ተሰይሟል። የሴባን ሐውልት ውጭ ቆሟል። ሴባን ራሱ በየቅዳሜው በቴሌቪዥን ይተነትናል። ክብር ይገባዋል፣ ይሰየምለት። ነገር ግን በሌላ ሰው ስም በተጠራ ሜዳ ላይ የሚሠራን ሰው በየሽንፈቱ በዚያው ስም መጥራት ግፍ ነው። ሰውዬው እኮ ከመንገድ አልተለቀመም። ሱ ፎልስ በሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ እያለ 67 አሸንፎ በ3 ብቻ ነው የተሸነፈው፤ ሦስት ዋንጫም አነሳ። ዋሽንግተንን በሁለት ዓመት ለአገሪቱ ፍጻሜ አድርሷል።

በ2025ቱ የውድድር ዘመን የአላባማ ችግር ግልጽ ነበር። ኳስ ይዞ መሮጥ አልቻለም። የአጥቂው መስመር በትልልቅ ጨዋታ በተጋጣሚ ይገፋ ነበር። ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። አሰልጣኝ በማባረር ግን አይስተካከልም፤ ሲባረር ያው የዝውውር በር ይከፈትና የቀሩት ጥሩ ልጆችም ይሄዳሉ። ደቦርን ለማሰናበት በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስፈልጋል። ይህን ለመክፈል ዝግጁ ነን የሚሉ ባለሀብት ደጋፊዎች ካሉ፣ ብሩን ለጥሩ የመስመር ተጫዋቾች ስፖንሰርነት ያውሉት። ሰውየውንም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይተዉት።