«ተጽዕኖው መጠነኛ ነው» ለምትሉን ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ

ሰሞኑን አንድ የግምገማ ሪፖርት እጄ ገባ። አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሊታደስ ነው። እድሳቱ የሕንፃውን ቅርስነት ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለውን አጥንተው ነው የጻፉት። መቼም መልሱን ታውቁታላችሁ። አይጎዳም። ጎድቶ አያውቅማ!

እኔ እነዚህን ገምጋሚዎች ሳደንቅ ብውል አይበቃኝም። ሌላው ሰው መጀመሪያ ያጠናል፣ ከዚያ ይወስናል። እነሱ ጊዜ አያባክኑም። ተቋራጩ ተመርጦ፣ ሲሚንቶው ወርዶ ሲያበቃ ነው ጥናቱ የሚጀመረው። ድምዳሜው አስቀድሞ ስላለ የሚቀረው ምክንያት መፈለግ ብቻ ነው።

የደጃፉን ነገር ላንሳላችሁ። የደጃፉ ድንጋይ ስንት ትውልድ ረግጦት መሀሉ ጎድጉዷል። ሪፖርቱ «ወጣ ገባ ስለሆነ ለተጠቃሚ ምቹ አይደለም» ይለዋል። መፍትሔው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ። ደግ። ሴራሚኩ ሲነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ወለሉ ከፍ ሲል በሩ አልከፈት ይላል፣ ስለዚህ የእንጨቱ በር ከሥሩ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ በር ደግሞ ስለማያምር ይነሳና በብረት ይተካል፤ የብረቱ በር ሰፊ ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ ይፈርሳል፣ ግድግዳው ሲፈርስ የተሳለው መልአክ ግማሽ ፊቱን ያጣል፣ ግማሽ ፊት ያለው መልአክ ምእመናንን ስለሚያስደነግጥ ግድግዳው በሙሉ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ከጣሪያው ጋር አልሄድ ሲል ጣሪያውም ይቀየራል። ይሄን ሁሉ አንብባችሁ ሠንጠረዡ ላይ ስትደርሱስ? «ተጽዕኖ፦ መጠነኛ። ማካካሻ፦ የድሮው ድንጋይ ፎቶ ይነሳል።» ፎቶውም ደብዛዛ ነው። ድንጋዩ የት ደረሰ ካላችሁ «አባሪ 3ን ይመልከቱ» ይላል። ሪፖርቱ አባሪ 2 ላይ ያልቃል።

ቀልዱን ልተወው። በኖራ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ እያስወጣ ነው የሚኖረው። ሲሚንቶ ስትለስኑት መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ከጨው ጋር ሆኖ ድንጋዩን ይበላዋል። ይሄ ምስጢር አይደለም! እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌሎች መጥተው ያንን ሲፍቁ ከረሙ። ስለ ቅርስ እድሳት ዓለም አቀፍ መመሪያ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተርም ግምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ እድሳት ይቁም ይላል። ከ60 ዓመት በኋላም «ድሮ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» እያላችሁ ጉልላት ትሠራላችሁ? ያፈረሳችሁትን ማን ሊመልሰው ነው? ማንስ ይጠየቃል?

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

«አማራጮች» የምትለዋን ክፍል በተለይ ወድጃታለሁ። አማራጭ አንድ፣ በሴራሚክ። አማራጭ ሁለት፣ በእብነ በረድ። ምንም አለመንካትስ? የሚያፈሰውን ቦታ ብቻ መድፈን፣ ውሃ መውረጃውን መጥረግስ? እሱማ ሪባን የለውም። ቦይ ተጠረገ ተብሎ ማን የክብር እንግዳ ይጠራል?

ለሚቀጥለው ሪፖርት ግን አንድ ልመና አለኝ። ከሌላ ሪፖርት ስትገለብጡ የሕንፃውን ስም እስከ መጨረሻው ቀይሩልኝ። በዚህኛው ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቦታ ላይ «መስጊዱ» ተብሎ ቀርቷል።